የድሃ ስም ከየት ይወጣል

ቻርልስ ቡዝ የተባለ የመርከብ ድርጅት ባለቤት በ1889 የለንደንን መንገዶች በነዋሪዎቹ የኑሮ ደረጃ በቀለም ለይቶ የሚያሳይ ካርታ አሳተመ (ካልተገለጸ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ባለጸጎቹ የሚኖሩበት መንገድ ቢጫ ነው። ከዚያ ቀይ፣ ሮዝ፣ ሐምራዊ እያለ ይወርድና ድሆቹ ዘንድ ሲደርስ ሰማያዊ ይሆናል። ፈዛዛው ሰማያዊ መካከለኛ ብዛት ያለው ቤተሰብ በሳምንት ከ18 እስከ 21 ሺሊንግ የሚያገኝበት መንገድ ነው፤ ደማቁ ሰማያዊ ደግሞ ቋሚ ሥራ የሌላቸው፣ ችግር ከቤታቸው የማይወጣ ሰዎች ሰፈር ነው። እስከዚህ ድረስ መለኪያው ገንዘብና ሥራ ነው። መጨረሻ ላይ ጥቁሩ ቀለም ይመጣል፤ እዚህ ላይ የካርታው መፍቻ ሺሊንግ መቁጠሩን ያቆምና ስለ ጠባይ መናገር ይጀምራል። በጥቁሩ መንገድ የሚኖሩት ብልሹዎችና ከፊል ወንጀለኞች ናቸው ይላል። ቡዝ ድሃ የሚጠላ ሰው አልነበረም። ከለንደን ነዋሪ 30.7 በመቶው በድህነት እንደሚኖር በጥናት ያሳየ፣ በኋላም ለአረጋውያን ጡረታ እንዲከፈል አጥብቆ የተከራከረ ሰው ነው። ሆኖም እንግሊዝኛ ለድሃ የሚያወጣው ስም የሚሄድበት መንገድ በዚያች የካርታ መፍቻ ላይ ከዳር እስከ ዳር ይታያል፤ ማጣት ተብሎ ይጀመርና ጥፋት ተብሎ ያበቃል።

እኛ «ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበል ጎረቤት» እንላለን። የእንግሊዝኛን የድሃ ስሞች ታሪክ ለተከታተለ ሰው ግን አብዛኞቹ የወጡት ወይም የጠቆሩት ከቤት አይደለም። እርዳታ ከሚሰፈርበት ቦታ ነው፤ ከሰበካው መዝገብ፣ ከዳኛው ችሎት፣ ከድሆች ማጎሪያው በር። የዚህ ዳሰሳ ሐሳብም ይኸው ነው። የድሃን ስም የሚያቆሽሸው ድህነቱ ወይም የቃሉ ማርጀት ብቻ አይደለም፤ ሰውየው እንዲቆም የተደረገበት በር ነው። በሩ ሲለወጥ ስሙ ይነጻል፤ በሩ ሳይለወጥ ስሙን ብቻ ቢለዋውጡት አዲሱም ስም እንደ አሮጌው ይጠቁራል።

ከጥንቶቹ እንጀምር። ሬች የሚለው ቃል ዛሬ ጎስቋላ፣ አንዳንዴም ወራዳ ማለት ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ሬካ ከአገሩ የተባረረ ስደተኛ ነበር፤ ማባረር ከሚል ግስ የወጣ ስም ነው። ከጌታውና ከዘመዱ የተለየ ሰው የሚቆምለት ስለሌለ ጎሰቆለ፤ ጉስቁልናው ውሎ አድሮ እንደ ነውር ተቆጠረበት። የዚሁ ቃል ወንድም በጀርመንኛ ሬከ ሆኖ ቀርቷል፤ ትርጉሙም የጥንት ታሪክ ጀግና፣ ብርቱ ተዋጊ ማለት ነው። ብቻውን የሚንከራተተውን ያንኑ ሰው አንዱ ቋንቋ በብርታቱ፣ ሌላው በጉድለቱ አሰበው። ኬይቲፍም እንደዚሁ ነው። ከላቲኑ ምርኮኛ ከሚለው ቃል መጥቶ በእንግሊዝኛ ፈሪና ወራዳ፣ በፈረንሳይኛ ቀጫጫና ደካማ፣ በጣሊያንኛ ደግሞ በቀጥታ መጥፎ ማለት ሆነ። የተማረከው ሰው በሦስት አገር ተፈረደበት፤ ማራኪውን የሚነካ ቃል ግን ከዚያ ሥር አልበቀለም።

ቪለን ዛሬ በፊልም ውስጥ ክፉው ሰው ነው። ሥሩ ግን በጌታ ርስት ላይ የሚሠራ ገበሬ ማለት ብቻ ነበር። ቸርል ነጻ ተራ ሰው ነበር፤ በዌሴክስ ሕግ ቢገደል ጉማው 200 ሺሊንግ፣ የመኳንንቱ ወገን ቢገደል ደግሞ 1,200 ሺሊንግ ነበር። ያ የስድስት እጥፍ ልዩነት በሕጉ ላይ የዋጋ ልዩነት ነው፤ በቋንቋው ላይ ግን የጠባይ ልዩነት ሆኖ ቀረ፤ ቸርሊሽ ማለት ዛሬ ባለጌና ግትር ማለት ነው። ሚን የጋራ፣ ተራ ማለት ነበር፤ ስስታምና ክፉ ሆነ። ሉድ ያልተማረ፣ ካህን ያልሆነ ሰው ማለት ነበር፤ ጸያፍ ሆነ። በሌላው ጫፍ ደግሞ ከከበረ ወገን የተወለደ ማለት የነበሩት ጀንትልና ጀነረስ የዋህና ቸር ማለት ሆኑ። ሲ. ኤስ. ሉዊስ በ1960 ባሳተመው የቃላት ጥናት ይህንን የማዕረግ ቃላት ወደ ጠባይ ቃላት መለወጥ ሲል ገልጾታል። ለአማርኛ ተናጋሪም ነገሩ ሩቅ አይደለም። ባላገር አገር ያለው፣ መሬት ያለው ማለት ሆኖ ሳለ ከከተሜ አፍ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ስድብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። ቃላት ከዘመን ጋር መውረዳቸው የቋንቋ ተፈጥሮ ነው፤ ለምን የሰውን ተንኮል እንፈልግበታለን? ሲሊ የሚለው ቃል የተባረከ፣ ደስተኛ ማለት ነበር፤ ከዚያ የዋህ፣ ከዚያ የሚታዘንለት፣ ከዚያ ደካማ፣ በመጨረሻ ሞኝ ሆነ። ይህን ያደረገ አዋጅ የለም። እውነት ነው፤ ሁሉንም መውረድ በሕግ ማሳበብ አይቻልም። ነገር ግን ኔቭና ናይት የሚሉትን ሁለት ቃላት ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ያስፈልጋል። ሁለቱም በጥንቱ እንግሊዝኛ ልጅ፣ ከዚያም አገልጋይ ማለት ነበሩ። ኔቭ ወርዶ አጭበርባሪ ሆነ፤ ናይት ወጥቶ ፈረሰኛ መኰንን ሆነ። ቃላት በራሳቸው ክብደት ብቻ የሚወርዱ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም አብረው በወረዱ ነበር። ልዩነቱ አንደኛው አገልጋይ ፈረስና መሬት ማግኘቱ ነው፤ የጀርመኑ ወንድሙ ክኔኽት ይህን ስላላገኘ እስከ ዛሬ ሎሌ ነው። ስለዚህ ቃሉ የሚከተለው የሰውየውን ዕጣ ነው፤ ዕጣውን የሚደለድለው ደግሞ ሥልጣን ነው።

ሥልጣን በግልጽ እጁን ያስገባው በ16ኛው መቶ ዘመን ነው። የ1531 የእንግሊዝ ሕግ ለማኞችን ለሁለት ከፈለ። መሥራት የማይችሉት የልመና ፈቃድ ተሰጣቸው፤ ጉልበት እያላቸው የሚለምኑት በጋሪ ላይ ታስረው እንዲገረፉ ተደነገገ። በ1547 የወጣው ሕግ ደግሞ ከዚያ ከፋ፤ ሥራ የሌለው ተንከራታች ደረቱ ላይ «ቪ» የሚል ፊደል በጋለ ብረት እንዲተኰስና ለሁለት ዓመት ባሪያ እንዲሆን አዘዘ። ጭካኔው ከልክ በማለፉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተሻረ። ያ ፊደል ቫጋቦንድ የሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ነው፤ ቃሉ በላቲን ሥሩ የሚዞር፣ የሚንከራተት ከማለት በቀር ምንም ጥፋት አልነበረበትም። በ1697 የመጣው ሕግ ደግሞ ከሰበካ እርዳታ የሚወስድ ሁሉ በቀኝ እጅጌው ትከሻ ላይ ከቀይ ወይም ከሰማያዊ ጨርቅ የተቆረጠ «ፒ» የሚል ፊደልና የሰበካውን ስም መጀመሪያ ሰፍቶ እንዲሄድ አስገደደ። ባልና ሚስቱ፣ ልጆቹም ጭምር። እዚህ ላይ ስምና ልብስ አንድ ሆነዋል፤ ገበያ የወጣች እናት ማንነቷ ሳትናገር ከትከሻዋ ይነበባል።

ያ «ፒ» የፖፐር ነው። ፖፐር የላቲኑ ድሃ የሚለው ቃል ነው፤ ተራው ፑርም ከዚያው ምንጭ በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ መንትያው ነው። መንትዮቹ የተለያዩት በሕግ ነው። የ1834ቱ የድሆች ሕግ ማሻሻያ ጸሐፊዎች ድህነት ሌላ፣ ፖፐርነት ሌላ ነው ብለው አጥብቀው ለዩ። ድሃ ለእንጀራው መሥራት ያለበት ሰው ሁሉ ነው፤ ፖፐር ግን ከሰበካው የተቀበለ ነው። በዚህ ስሌት ቤቱን ዘግቶ የሚራብ ሰው ፖፐር አይደለም፤ ልጁን ላለመቅበር እጁን የዘረጋው ነው ፖፐር። የሚለካው የጎደለው ነገር አልነበረም፤ መጠየቁ ነበር። የጠየቀውም ዎርክሃውስ በተባለው ማጎሪያ ከሚስቱና ከልጆቹ ተለይቶ፣ የተቋሙን ልብስ ለብሶ፣ ውጭ ካለው ዝቅተኛ ሠራተኛ ባነሰ ኑሮ እንዲኖር መመሪያው ያዝዝ ነበር፤ ሰው እንዳይጠይቅ። የሰበካ እርዳታ የወሰደ ሰው የመምረጥ መብቱንም ያጣ ነበር፤ ይህ እስከ 1918 ቆይቷል። የቃሉን መርዝ ራሱ መንግሥት ያውቀው እንደነበር የሚመሰክር ነገር አለ። በ1904 የልደት መዝጋቢዎች በማጎሪያው ለተወለዱ ሕፃናት የትውልድ ቦታውን በስሙ እንዳይጽፉ፣ በምትኩ የመንገድ አድራሻ እንዲያስገቡ ተመከሩ። ሕፃኑ አድጎ ሥራ ሲፈልግ ወረቀቱ እንዳያጋልጠው ነው። ቤቱን የሠራው ሥልጣን የቤቱን ስም ከልጁ ወረቀት ላይ መደበቅ ግድ ሆነበት።

አሜሪካ የራሷን ስሞች ጨመረች። ከ1873ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ሥራ ፍለጋ ከከተማ ከተማ የሚሄዱ ሰዎች ሲበዙ፣ በእግሩ የሚኳትን ማለት የሆነው ትራምፕ የጋዜጦችና የክልል ሕጎች ቃል ሆነ። መንገደኞቹ ግን በመካከላቸው ሌላ ልዩነት ያደርጉ ነበር። ሆቦ እየተዘዋወረ ይሠራል፤ ትራምፕ ይዘዋወራል እንጂ አይሠራም፤ በም የሚባለው አይዘዋወርም፣ አይሠራምም። ኔልስ አንደርሰን በ1923 ስለ ሆቦዎች ባሳተመው መጽሐፍ ይህ ዓለም የራሱ ሥርዓት እንደነበረው ይታያል። የሚያሳዝነው ከላይ የመጣው ሚዛን ታች ድረስ ወርዶ የተናቁት ራሳቸው እርስ በርስ የሚመዛዘኑበት መሆኑ ነው። ከዚህም የከፋው ፌይለር የሚለው ቃል ታሪክ ነው። ስኮት ሳንዴጅ በ2005 ባሳተመው የታሪክ ጥናት እንዳሳየው በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ቃሉ በንግድ ላይ የሚደርስ አደጋን ይገልጽ ነበር፤ ሰው ኪሳራ ይደርስበታል፣ ያልፋልም። ቀስ በቀስ ግን ክስተቱ ሰው ሆነ፤ ሰውየው ራሱ ኪሳራ ተባለ። ዛሬ ሉዘር የሚለው ስድብ የዚያ ልጅ ነው። አንድ ጨዋታ መሸነፍ የሰው ተፈጥሮ ተደርጎ ይነገራል።

ስሙን መለወጥ ይህን አይፈውስም የሚሉ ሰዎች ጠንካራ ማስረጃ አላቸው። የቋንቋ ተመራማሪው ስቲቨን ፒንከር በ1994 ነገሩን መሮጫ ማሽን ላይ ከመሮጥ ጋር አመሳስሎታል፤ ለስላሳው ቃል የአሮጌውን ቆሻሻ ይወርሳል፤ ከዚያ ሌላ ይፈለጋል። በብሪታንያ በ1952 የተመሠረተው፣ አካል ጉዳተኞችን የሚረዳው የስፓስቲክስ ማኅበር ስሙ በትምህርት ቤት ግቢ የልጆች ስድብ በመሆኑ በ1994 ስኮፕ ተብሎ ተሰየመ። አንደርክላስ የሚለውን ቃል ኢኮኖሚስቱ ጉናር ሚርዳል በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያስተዋወቀው ኢኮኖሚው ገፍቶ ያወጣቸውን ሥራ አጦች ለመግለጽ ነበር። 20 ዓመት ሳይሞላው የአሜሪካ ጋዜጦች የከተማ ጥቁር ድሆችን ጠባይ የሚያወግዙበት ቃል ሆነና ዊልያም ጁልየስ ዊልሰን፣ ቃሉን ካስፋፉት ምሁራን አንዱ ሆኖ ሳለ፣ በ1990 በሌላ ሊተካው ሐሳብ አቀረበ። ማጎሪያዎቹም ከ1930 በኋላ ስማቸው ተቀይሯል፤ ብዙዎቹ ሕንፃዎች ከ1948 ጀምሮ ሆስፒታል ሆነዋል። ይሁንና አረጋውያን ለአሥርት ዓመታት እዚያ ለመተኛት ይፈሩ ነበር። በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ተለውጧል፤ በሩ ያው ነው።

እስከዚህ ፒንከር ትክክል ነው። የማይስማማኝ ማሽኑ ሁልጊዜ በእኩል ፍጥነት ይሮጣል የሚባል እንደሆነ ነው። የቆሙ ቃላት አሉ፤ የቆሙበትም ምክንያት ይታያል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1909 ጀምሮ 70 ዓመት የሞላቸው የብሪታንያ ድሆች በሳምንት እስከ 5 ሺሊንግ ጡረታ መቀበል ጀመሩ። ገንዘቡ የተከፈለው በድሆች ቦርድ ፊት አልነበረም፤ በፖስታ ቤት መስኮት ነበር። ቴምብር የምትገዛው ሴትና ጡረታዋን የምትቀበለው አሮጊት አንድ ሰልፍ ላይ ይቆማሉ። የመምረጥ መብት አይነካም፤ የሚሰፋ ፊደል የለም። መጀመሪያ ከሰበካው ተረጂ የነበሩት ተከልክለው ነበር፤ ከ1911 መባቻ እገዳው ሲነሣ አረጋውያን ከሰበካው መዝገብ በብዛት ለቀቁ። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ ድህነታቸውም ያው ነው። ፖፐር ሲባሉ የነበሩት ፔንሽነር ተባሉ፤ ያ ስም ከመቶ ዓመት በላይ ኖሮ ዛሬም ስድብ አይደለም።

ለዚህ የሚሰጥ መልስ አለ፤ ጡረተኛ የሚከበረው ሠርቶ ያዋጣውን ስለሚወስድ ነው ይባላል። የ1909ኙ ጡረታ ግን ምንም መዋጮ አልነበረውም፤ ከግብር የሚከፈል፣ ገቢ እየተጣራ የሚሰጥ ነበር። ክብሩን ያመጣው መዋጮው ሳይሆን አሰጣጡ ነው። ሥራ አጥ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልም በዚያው ዘመን ተመሳሳይ ጉዞ አድርጓል። አንኢምፕሎይድ ቀድሞ ሥራ ፈት፣ ጥቅም ላይ ያልዋለ የሚል ቃና ነበረው። ዊልያም ቤቨሪጅ በ1909 ሥራ አጥነት የኢንዱስትሪው ችግር መሆኑን በመጽሐፉ ርዕስ ላይ ሳይቀር አስፍሮ ወጣ፤ በ1911 የወጣው የመድን ሕግም በተወሰኑ ሙያዎች ላሉ ሠራተኞች ሥራ ሲያጡ በሳምንት 7 ሺሊንግ እስከ 15 ሳምንት እንዲከፈላቸው ደነገገ። ጥፋቱ ከሰውየው ወደ ገበያው ተሻገረ፤ ቃሉም አብሮ ተሻገረ።

የአሜሪካው ማስረጃ ደግሞ ለምርመራ የበለጠ ይመቻል፤ አንድ ሕግ ሁለት በር ስለከፈተ። በ1935 የወጣው የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ በአንድ ወገን የአረጋውያን መድን፣ በሌላ ወገን አባት ለሌላቸው ልጆች እርዳታ አቋቋመ። የመጀመሪያው በመብት የሚከፈል ነው፤ ማንም ቤት መጥቶ አልጋ አይቆጥርም። ሁለተኛው የእናቲቱን ገቢ፣ ቤትና ኑሮ የሚመረምር ሠራተኛ ነበረው። በ1976 የምርጫ ዘመቻ «ንግሥት» ስለተባለች አንዲት የእርዳታ አጭበርባሪ ሲወራ ስድቡ ያረፈው በሁለተኛው በር በቆሙት እናቶች ላይ ነው። ዌልፌር፣ ደህና መሆን ማለት የሆነው መልካም ቃል፣ በዚህ በር በኩል ገብቶ ስድብ ሆነ፤ ፕሮግራሙም በ1996 ፈረሰ። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚለውን ቃል ግን ስድብ ያደረገው የለም።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። የእንግሊዝ የተንከራታቾች ሕግ መንፈስ በብዙ አገር ሕግ ውስጥ አለ፤ በኢትዮጵያም በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 384 «አደገኛ ቦዘኔ» የሚል ስም በሕግ መጽሐፍ አስፍሯል። ቦዘኔ ሥራ የሌለው እንጂ ወንጀል የሠራ ማለት አልነበረም፤ አዋጁ ቅጽል ጨመረበትና የወጣቱ ሥራ ማጣት ራሱ የጥርጣሬ ምልክት ሆነ። በአንጻሩ ለማኝን የኔ ቢጤ የሚለው አጠራራችን ተናጋሪውንና ለማኙን በአንድ ሐረግ ውስጥ ያስቀምጣል፤ እንግሊዝኛ ውስጥ ይህን የሚመስል አላገኘሁም። ግን እሱንም ከልክ በላይ ማመስገን አይገባም። የኔ ቢጤ የተባለው ሰው ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሳይነሣ ትውልድ አልፏል፤ ቃሉ ክብር ሰጠው እንጂ የሚጠይቀው መብት አልሰጠውም።

ዛሬ በእንግሊዝኛው ዓለም ትልቁ ክርክር ሆምለስ የሚለው ቃል ላይ ነው። በ2020 የአሶሺየትድ ፕሬስ የአጻጻፍ መመሪያ ቤት የሌላቸውን ሰዎች በዚያ ቃል እንደ አንድ መንጋ መጥራት ሰብአዊነትን እንደሚገፍ ጠቅሶ እንዲቀር መከረ፤ ሌሎች አንሃውስድ፣ መኖሪያ ያላገኘ፣ የሚለውን መርጠዋል። እኔ ጥረቱን እደግፋለሁ። ቤት ማጣት የደረሰበት ሰው እና ቤት አልባ መሆን ማንነቱ የሆነ ሰው አንድ አይደሉም፤ ፌይለር ከክስተት ወደ ሰው ሲሻገር ያደረሰውን ጉዳት ያየ ሰው ወደ ኋላ የሚመልሰውን ሰዋስው አይንቅም። ሆኖም በዚያው አገር በጁን 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በግራንትስ ፓስ ከተማ ጉዳይ ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ከተሞች ደጅ የሚያድሩትን መቅጣት እንደሚችሉ ፈረደ። ስሙ ለስልሶ መቀጫው እንዳለ ከቀጠለ፣ አዲሱ ቃል የሚጻፈው በቅጣት ወረቀት ላይ ነው።

በአሜሪካ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ይህንን ታሪክ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቅጽ ያውቀዋል። እናቱን ወይም ወንድሙን ሊያስመጣ የሚፈልግ ሰው ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 125 በመቶ በታች አለመሆኑን አሳይቶ የሚመጣውን ለመደገፍ ቃል ይፈርማል፤ ፊርማው በ1996 ሕግ አስገዳጅ ሆኗል። ቅጹ የሚጠይቀው የሚመጣው ሰው ፐብሊክ ቻርጅ፣ የመንግሥት ሸክም እንዳይሆን ነው። ያ ቃል ወደ ኢሚግሬሽን ሕግ የገባው በ1882 ነው፤ በዚያው አንቀጽ ውስጥ ከወንጀለኛ፣ ከእብድና ከጅል ጋር ተሰልፎ ነበር። እብድና ጅል የሚሉት የስድብ ቃላት ከሕጉ ወጥተዋል። ሸክም የሚለው ግን ዛሬም በቆንስላው መስኮት ፊት፣ ከጣት አሻራውና ከባንክ ደብተሩ ጋር፣ ለምትመጣው እናት ይመዘናል።